ስለ መንገድ ስንቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ መንገድ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው መንገዱ ወዴት ያደርሳል የሚል ነው፤ ሁለተኛውም ምን እየበሉ ይደርሱበታል የሚል ነው። የመጀመሪያውን የማይጠይቅ መንገደኛ የለም፤ ሁለተኛውን ግን ብዙ ሰው፥ ይልቁንም ወጣቱ፥ ይረሳዋል። ይህ ንግግር ስለ ተረሳው ነገር፥ ማለት ስለ ስንቅ ነው፤ ይኸውም በየቤቱ ካለው እህል ጤናማ፥ ጉልበት የሚሰጥ፥ ለመሸከም የማይከብድና ቶሎ የማይበላሽ የመንገድ ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅ፥ ተማሪዎችንም ለእግር ጉዞ የሚያወጣ መምህር ምን ሊያስብ እንደሚገባው ለማስረዳት የተሰናዳ ነው።

የስንቅ ነገር ከጥንት የመጣ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 17 እንደ ተጻፈ እሴይ ልጁን ዳዊትን በሰልፍ ወዳሉት ወንድሞቹ በላከው ጊዜ ያስያዘው የተጠበሰ እህልና አሥር እንጀራ ነበር። ነቢዩ ኤልያስም ወደ ኮሬብ ተራራ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ከመሄዱ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ እንዲበላ አደረገው፤ ምክንያቱም መንገዱ ሩቅ ነበረ። እንግዲህ ያን የመሰለ ብርቱ ነቢይ እንኳ ሳይበላ እንዲነሣ ካልተተወ፥ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆዱ ባዶ ሁኖ ዳገት እንዲወጣ ሊተዉት አይገባም።

ኢትዮጵያም በዚህ ነገር ከማንም ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። ፊደል ቆጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ፥ ከዚያ በኋላ ዜማና ቅኔ ፍለጋ ከወላጆቹ ተለይቶ ከደብር ወደ ደብር በእግሩ የሚሄደው፥ ከለበሳት ደበሎና ካንጠለጠላት አኮፋዳ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ልጅ የቆሎ ተማሪ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙም ራሱ ትምህርትና ስንቅ የማይለያዩ መሆናቸውን ያሳስባል። ለገና በዓል ላሊበላን ለመሳለም ብዙ ቀን በእግራቸው የሚጓዙ ምእመናንም፥ መንገዱ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ በሚጾመው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል፥ ቅቤም ሥጋም የሌለበትን በሶና ቆሎ ቋጥረው ይነሣሉ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ አብዛኛው ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ወጣ፤ በጉዞውም ሁሉ እየፈጩና እየጋገሩ ሠራዊቱን የመገቡት ሴቶች ናቸው። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ውጊያው ሊደረግ በተቃረበበት ሰሞን የሁለቱም ወገን ጦር ስንቁ እያለቀበት ተጨንቆ ነበር። በዚህም ስንቅ ከጦር መሣሪያ የማያንስ ነገር መሆኑ ይታወቃል።

በሌላው ዓለም ያሉ የተራራ ሰዎችም ወደዚሁ ዘዴ ደርሰዋል። በቲቤት ከፍተኛ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች የተቆላ ገብስ ዱቄት በሻይና በቅቤ እያሹ ይበላሉ፤ ስሙንም ጻምፓ ይሉታል። በሜክሲኮ ተራራ የሚኖሩትና በሩጫ የታወቁት ታራሁማራ የተባሉት ሕዝብ የተቆላ የበቆሎ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ይጠጣሉ። በአውሮፓና በአሜሪካም የተራራ ተጓዦች አጃን ከማርና ከለውዝ ጋር አጣብቀው እየቆረጡ ይይዛሉ፤ ይህም በመደብር በውድ ዋጋ ይሸጣል። አገራቸው የተራራቀ ሲሆን አሳባቸው አንድ የሆነበት ምክንያት ተቆልቶ የደረቀ እህል ቀላል፥ የማይበላሽና በመንገድ ላይ እሳት የማያስፈልገው ስለ ሆነ ነው።

አሁን ነገሩ እንዲብራራ አንድ ምሳሌ ይነገር። በአንድ ደጋ አገር የሚያስተምር አንድ መምህር ነበረ። ተማሪዎቹ የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው እንዲያዩ ብሎ በተራራ ራስ ላይ ወዳለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ሊወስዳቸው አሰበ፤ መንገዱም ለመሄድ ሦስት ሰዓት፥ ለመመለስም ያንኑ ያህል የሚፈጅ ነበረ። በዋዜማው፥ «ነገ ስንቃችሁን ይዛችሁ ኑ» ብሎ አሰናበታቸው። በማግስቱ ሲሰበሰቡ ግማሾቹ ከሱቅ የተገዛ ብስኩትና ከረሜላ፥ ሌሎቹ ቂጣና ዳቦ ይዘው መጡ፤ ጥቂቶቹ ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። መምህሩ ሲጠይቃቸው፥ «ጠግበናል፥ በቤታችን በልተናል» ብለው መለሱ፤ እርሱም አመናቸውና ጉዞው ተጀመረ።

መሄዱ በዘፈንና በጨዋታ አለፈ። በመመለሻው ግን፥ ፀሐይ ከበረታች በኋላ፥ ከልጆቹ አንዱ በመንገድ ዳር ተቀመጠ። ፊቱ ገረጣ፥ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፥ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሲጠሩት ቶሎ አይመልስም። ጓደኞቹ ደነገጡ፤ ካላፊ መንገደኞችም አንዱ፥ «ይህንስ ቡዳ በልቶታል» አለ። መምህሩ የሚያደርገው ጠፍቶት ቁሞ ሳለ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ባልቴት ደረሰችና ልጁን አይታ፥ «ምን በልቷል?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስ ጠፋ። በኋላ የልጁ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ልጅ ቀስ ብሎ፥ «ከትናንት ወዲህ አልበላም፤ በቤታቸውም እህል አልነበረም» አለ።

ባልቴቲቱም ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን በሶ ፈትታ፥ እጅዋን ታጥባ፥ በቅል ከያዘችው ውሃ ጥቂት ጠብ አድርጋ አሸችውና ልጁን ደግፋ በጥቂት በጥቂቱ አጎረሰችው፤ ውሃም አጠጣችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ላቡ ደረቀ፥ ዓይኑ ጠራ፥ ተነሥቶም ቆመ። ያን ጊዜ ወደ መምህሩ ዘወር ብላ፥ «የኔ ጌታ፥ ልጁን የጣለው ቡዳ አይደለም፤ ባዶ ሆድ ነው። ሌላ ጊዜ ሲያወጧቸው ጠግበናል ያለዎትን ልጅ ከሁሉ አስቀድመው ይጠርጥሩ» አለችው። የቋጠረችውን የቀረ በሶ ለልጁ ትታለት መንገዷን ሄደች።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሊታወቅ የሚገባው ትምህርት ሁለት ነው፤ አንዱ የሰውነት፥ ሁለተኛው የልብ ነው። አስቀድሞ የሰውነቱ ይነገር።

የሰው ሰውነት እንደ ምድጃ ነው፤ ማገዶ ካልተጨመረበት ይበርዳል። ከምግብ የሚገኘው ስኳር በደም ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከዚያም የተረፈው በጉበትና በጡንቻ ይከማቻል። ሰው ሳይበላ ሲያድር በጉበቱ ያለው ክምችት እያነሰ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ዳገት ሲወጣበት ቶሎ ይሟጠጣል፤ ያን ጊዜ ጉልበት ይከዳል፥ እጅ ይንቀጠቀጣል፥ አሳብም ይበተናል። ሊቃውንት ይህን ማገዶ ካሎሪ በሚባል መለኪያ ይለኩታል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሜዳ ሲሄድ በየሰዓቱ 200 ካሎሪ ያህል ያወጣል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ከ300 በላይ ይደርሳል። ከእህልና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ገንቢ ነገርና ስኳር አንዱ ግራም 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ከቅቤና ከዘይት የሚገኘው ስብ ግን አንዱ ግራም 9 ይሰጣል። ስለዚህ ጥሩ ስንቅ የሚባለው እህል፥ ጥራጥሬና ጥቂት ስብ የተባበሩበት ነው።

ከረሜላና ጣፋጭ ብስኩት መርዝ ናቸው ማለት አይደለም፤ ለጊዜው ያነቃሉ፤ ዳሩ ግን በጭድ እንደ ተቀጣጠለ እሳት ቶሎ ነድደው ቶሎ ይጠፋሉ። የተቆላ ሽምብራ፥ ገብስና ሰሊጥ ግን ቀስ ብለው የሚፈጩ ስለ ሆኑ ብርታታቸው ይቆያል። ከዚህም በላይ ለብስኩት የሚወጣው ገንዘብ ከመንደሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ቆሎው ግን በጎተራ ያለ ነው።

እንግዲህ በማናቸውም ቤት ሊዘጋጁ የሚችሉ አምስት ዓይነት ስንቆች ከዚህ ቀጥለው ይነገራሉ።

አንደኛ፥ ቆሎ። ለቆሎ የሚሆነው ገብስ ልቅምና ንጹሕ ሊሆን ይገባል፤ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው የገብስ ዓይነት ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ለዚህ የተመረጠ ነው፤ ስሙም የወጣለት ሰነፍ እንኳ ሊያዘጋጀው ስለሚችል ነው ይባላል። ገብሱ ተሸክሽኮና በሰፌድ ተበጥሮ በጋለ ምጣድ ቶሎ ቶሎ እየተገላበጠ ይቆላል። ሁለት እጅ ገብስ ወይም ስንዴ፥ አንድ እጅ ሽምብራ፥ ግማሽ እጅ ሱፍ ወይም ኦቾሎኒ ቢቀላቀል የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። ሁሉም ለየብቻው ይቆላ፤ ሽምብራ የሚበስልበት ጊዜና ሱፍ የሚበስልበት ጊዜ አንድ አይደለምና። ጨው በጥቂቱ ቢረጭበት ከላብ ጋር የሚወጣውን ይተካል።

ሁለተኛ፥ በሶ። ገብሱ በጥቂት ውሃ ርሶ በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው ተበጥሮ ከወጣ በኋላ ይቆላል፤ ከዚያም ልሞ ይፈጫል፥ በወንፊትም ይነፋል። በትግራይ ጥሕኒ ይሉታል። መቶ ግራም በሶ 350 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ በመንገድ ላይ እሳት ሳያስፈልገው በውሃና በጥቂት ጨው ወይም በማር ታሽቶ ጭብጦ ይሆናል፤ ቀጥኖ ቢበጠበጥም መጠጥ ይሆናል። ደረቁ ዱቄት እርጥበት ካላገኘው ብዙ ሳምንት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ውሃ የነካው ግን በዚያው ቀን ማለቅ አለበት።

ሦስተኛ፥ ዳቦ ቆሎ። ለአንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ ብርጭቆ ዘይት፥ አንድ ማንኪያ ጨው፥ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ስኳር ይገባበታል፤ የሚያቃጥል የሚወድም በርበሬ ይጨምርበታል። ሁለት ብርጭቆ ያህል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጠንክሮ ይቦካል፤ እርሾ አያስፈልገውም። ሊጡ በመዳፍ እየተድቦለቦለ እንደ ገመድ ይረዝማል፥ በቢላዋም ሽምብራ ሽምብራ እያከለ ይቆረጣል። ከዚያም በመካከለኛ እሳት በምጣድ ላይ ዘወትር እየተገላበጠ እስኪቀላና እስኪደርቅ ድረስ ይቆላል። እሳቱ ከበረታ ውጭው አርሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል፤ እንዲህ ያለውም ቶሎ ይሻግታል። እዚህ ላይ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ይሠራል።

አራተኛ፥ ጭኮ። ሦስት ብርጭቆ በሶ በአንድ ብርጭቆ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ጨውና ቅመም በልክ ይገባበታል። ቅቤው መነጠሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ሲነጠር ውሃውና አጓቱ ስለሚለይ ሳይበላሽ ይቆያል። ጭኮ መቶ ግራሙ ከ500 ካሎሪ በላይ የሚሰጥ ስለ ሆነ ለብርድ አገርና ለረዥም ዳገት ይስማማል፤ ዳሩ ግን ብርቱ ስለ ሆነ በጥቂቱ ይበላል። በጾም ቀን አይሆንም።

አምስተኛ፥ የበሶና የሰሊጥ ጭብጦ። ይህ ቅቤ የሌለበት ሲሆን ለልጆች የሚጣፍጥ ነው። አራት ብርጭቆ በሶ ከአንድ ብርጭቆ ታምሶ ከተወቀጠ ሰሊጥ ጋር ይደባለቃል፤ አንድ ብርጭቆ ያህል ማር ለብ ተደርጎ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ እስኪያያዝ ድረስ ይታሻል። ማሩ ካነሰ ፈልቶ የበረደ ውሃ በማንኪያ ይጨመራል፤ ውሃ ከተጨመረበት ግን ከሁለት ቀን በላይ አይቀመጥ። በእንቁላል መጠን ሲድቦለቦል አሥራ አምስት ያህል ጭብጦ ይወጣዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ጥንቃቄው ሊነገር ይገባል፤ ስንቅ በጥሩ እህል ተሠርቶ በትንሽ ቸልታ ሊበላሽ ይችላልና።

በመጀመሪያ፥ በቆሎ ውስጥ ጓያ እንዳይቀላቀል። ጓያ ድርቅን የሚችል እህል ስለ ሆነ በችግር ዘመን ሕዝቡ ይመገበዋል፤ ነገር ግን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ ሽባ የሆነውም እግር አይመለስም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ እንደ ታመመ ሐኪሞች መርምረው ጽፈዋል። ይልቁንም በቆሎ መልክ የተበላው ጓያ ጉዳቱ እንደሚከፋ ታውቋል። አንድ ቀን አንድ እፍኝ የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ዳሩ ግን ልጅ በትምህርት ቤት የለመደውን በቤቱ ስለሚቀጥል የትምህርት ቤት ቆሎ ከጓያ ንጹሕ ይሁን።

ሁለተኛ፥ የሻገተ ኦቾሎኒና የሻገተ እህል አይቆላ። በሻጋታ ምክንያት የሚፈጠር አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበትን ይጎዳል፤ በመቁላትም ፈጽሞ አይጠፋም። የጠቆረውን፥ የተጨማደደውንና መራራውን ፍሬ ለቅሞ መጣል ይገባል። ደግሞም ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ ሲበሉ ሰውነታቸው የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ስላሉ መምህሩ አስቀድሞ ወላጆችን ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ትኩስ ቆሎ ወደ ላስቲክ ወይም ወደ ቆርቆሮ አይገልበጥ። ትኩሱ ያልበዋል፥ ላቡም ሻጋታ ያመጣል። በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ በንጹሕ ከረጢት፥ በስልቻ ወይም በክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ውሃ። ብዙ ሰው በመንገድ በሶ በልቶ ሆዱን ሲያመው በሶውን ይወቅሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን በደለኛው በሶው ሳይሆን የታሸበት የወንዝ ውሃ ነው። ውሃ በቤት ፈልቶ በኮዳ ወይም በንጹሕ ዕቃ ይያዝ፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፥ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። በፀሐይ የሚሄድ አዋቂ በየሰዓቱ ግማሽ ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ደረቅ ቆሎ ያለ ውሃ ጥምን ያብሳልና ስንቅና ውሃ አብረው ይታሰቡ። በሶ የሚያሽ እጅም አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ።

አምስተኛ፥ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ቆሎና ኦቾሎኒ አይሰጥ፤ ወደ ሳንባው ቢገባ ያንቀዋል። ዓመት ያልሞላው ሕፃንም ማር አይቅመስ። ከፍ ያሉትም ልጆች እየሮጡና እየሳቁ አይቆርጥሙ፤ ተቀምጠው ይብሉ።

ስድስተኛ፥ ራሱን ስቶ ለወደቀ ሰው ምግብም ውሃም በአፉ አይጨመር፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ባልቴቲቱ ልጁን ያጎረሰችው ልጁ ነቅቶ መዋጥ ይችል ስለ ነበረ ነው።

የሚበላበት ጊዜና መጠንም ሥርዓት አለው። ተማሪው ከቤቱ ሳይነሣ ይቁረስ። ከዚያ በኋላ ረኃብ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ በየሰዓቱ ጥቂት አረፍ ብሎ አንድ ሁለት አፍ ቆሎ ይቆርጥም፥ ውሃም ይጎንጭ። ለስድስት ሰዓት መንገድ ለአንድ ተማሪ ሁለት እፍኝ ቆሎና ሁለት ጭብጦ ቢያዝ ይበቃዋል፤ ጥቂትም ለመጠባበቂያ ይተርፋል። መጠባበቂያውም እስከ ቤት ደጃፍ አይነካ፤ ያ ልጅ የወደቀው በመሄጃው ሳይሆን በመመለሻው እንደ ነበረ ሊታሰብ ይገባል።

አሁን ሁለተኛው ትምህርት፥ ማለት የልቡ፥ ይነገር። ያ ልጅ ለመምህሩ ጠግቤአለሁ ያለው ለመዋሸት ፈልጎ አይደለም፤ በጓደኞቹ ፊት አፍሮ ነው። ድኻ መሆኑን ከሚናገር ዳገቱን በባዶ ሆዱ መውጣትን መረጠ። «ስንቃችሁን ይዛችሁ ኑ» የሚል ትእዛዝ ላለው ልጅ ቀላል ነው፤ ለሌለው ልጅ ግን ሸክም ነው። ስለዚህ መምህር ስንቅ አዝዞ ብቻ ቢተው ሥራውን ግማሽ ሠራ እንጂ ፈጸመ አይባልም።

በምሳሌው የተነገረው መምህር ይህን ካወቀ በኋላ ልማዱን ለወጠ። ከሁለተኛው ጉዞ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የመንደሩን ሽማግሌዎችና እናቶች ሰብስቦ አማከረ፤ እንዲህም ተስማሙ። ተማሪ ሁሉ ከቤቱ ያለውን አንድ እፍኝ እህል ያመጣል፤ ገብስ ቢሆን ገብስ፥ ሽምብራ ቢሆን ሽምብራ። እህል የሌለው እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል፥ ሙቀጫውን ይወቅጣል። ከእናቶችም ሦስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው ተማሪዎቹ እያዩ ይቆላሉ፥ ያሻሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉ በአንድ ሰፌድ ተደባልቆ በእኩል ይታደላል። በሰፌዱ ላይ የማን እፍኝ የማን እንደ ሆነ የሚለይ የለም፤ የሀብታም ገብስና የድኻ ልጅ ድካም አብረው ይቆላሉና።

በዚያ ቀን ተማሪዎቹ የተማሩት ስለ ምግብ ብቻ አልነበረም። እፍኙን ሲሰፍሩ ሒሳብ፥ እህሉን ሲለቅሙ የአዝመራ ትምህርት፥ ውሃውን ሲያፈሉ የጤና ትምህርት ተማሩ። ወንዶቹም ልጆች ምጣድ ላይ ቁመው አገላበጡ፤ በመንገድ የሚርበው ሴት ብቻ ስላልሆነች መቁላትም የሴት ብቻ ሊሆን አይገባም ተብሎ ነበርና። እናቶቹም ከትምህርት ቤቱ ደጅ ውጭ ቁመው የሚያዩ መሆናቸው ቀርቶ በዚያ ቀን አስተማሪዎች ሆኑ።

ክቡራን መምህራን፤ እንደዚህ ያለውን ሥራ ለመጀመር አንድ ምጣድ፥ አንድ ሙቀጫና አንድ ቀን ይበቃል። ለጉዞ ብቻም አይደለም፤ ከሩቅ መንደር ማልዶ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ በየቀኑ መንገደኛ ነው፤ አንድ እፍኝ ቆሎ በኪሱ ቢኖር በትምህርቱ ሰዓት የሚያንቀላፋው በስንፍና ነው ወይስ በረኃብ የሚለው ጥያቄ ይፈታ ነበር። ክቡራን ሽማግሌዎች፤ እናንተም በልጅነታችሁ ምን ስንቅ እየያዛችሁ የት እንደ ሄዳችሁ ለልጆች ንገሯቸው፤ እናቶቻቸው የሚያውቁት ጥበብ ከሱቅ ብስኩት ያነሰ እንዳይመስላቸው።

ስንቅ ማለት አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ለራስ ማሰብ ብቻም አይደለም፥ ሳይናገር ለሚራበው ጓደኛም ማሰብ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ያ ልጅ ጠግቤአለሁ አላለም፤ የሚለውም ጠያቂ አልነበረም። የሁሉ መጠባበቂያ ያለበትን ስልቻ እንዲይዝ መምህሩ ለእርሱ ሰጠው፤ እርሱም እስከ ተራራው ራስ ተሸክሞት ወጣ፥ ሲመለሱም ከሰልፉ በስተኋላ እየሄደ የደከመ ልጅ ባየ ጊዜ ስልቻውን እየፈታ አንዳንድ እፍኝ ያካፍል ነበር።

እግዚአብሔር የልጆችን መንገድ ያቅና፤ ጎተራውንም ይባርክ።